በወር 150 ዶላር፦ የቬኒስ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሚላኖ የተሳፈርኩበት ባቡር ፓዶቫ ሲገባ መሽቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። ጣልያን ከገባች ሃያ ዓመቷ ነው፤ አቅም ያነሳቸው አንዲት አሮጊት ትጦራለች። ጣልያኖቹ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ "ባዳንቴ" ይሉታል፣ የእኛም ሰዎች በዚያው ስም ይጠሩታል።

"ከሳህሳ!" አለችኝ ገና ሳትስመኝ።

እራት ላይ ምን ልታይ መጣህ ብላ ጠየቀችኝ። ቬኒስ ውስጥ የአንዲት ሴት ቤት አለ፣ ፔጊ ጉገንሃይም ትባል ነበር፣ ሥዕል ትሰበስብ ነበር፣ ቤቷ ዛሬ ሙዚየም ነው አልኳት።

"ሀብታም ነበረች?"

"ከሀብታም ቤት ነው የተወለደችው።"

"ታዲያ ሀብታም ሥዕል ቢገዛ ምን ይደንቃል፣ ወንድሜ?" አለችና ጎመኑን ወደ እኔ አስጠጋችው።

መልሱ ረጅም ስለሆነ ሐሙስ አብረን ሄደን እነግርሻለሁ አልኳት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እረፍት አላት። በካርቶን ቱቦ ጠቅልዬ ያመጣሁላትን ነገር ዛሬ ከሻንጣዬ አላወጣሁትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ከፓዶቫ ቬኒስ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ሜስትሬ ካለፈ በኋላ መሬቱ ያልቅና ባቡሩ በ1846 በተከፈተው ድልድይ ላይ ሆኖ ውኃውን ያቋርጣል። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከጣቢያው ወጥቼ ቁጥር 1 ቫፖሬቶ ያዝኩ። ቫፖሬቶ የቬኒስ አውቶቡስ ነው፤ ታላቁን ቦይ በየፌርማታው እየቆመ ይወርዳል። አካዴሚያ ላይ ወርጄ በጠባቡ መንገድ ስጣደፍ ደረስኩ፤ በሩ ዝግ ነው። ሙዚየሙ ማክሰኞ ማክሰኞ አይከፈትም። የመክፈቻውን ሰዓት አጣርቼ ቀኑን አላጣራሁም ነበር።

ስለዚህ ቤቱን ከውኃው በኩል ለማየት ተመልሼ ጀልባ ላይ ወጣሁ። በቦዩ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ሦስትና አራት ፎቅ ናቸው፤ በመካከላቸው አንድ ነጭ ድንጋይ ቤት ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። የቬኒየር ቤተሰብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ በሎሬንዞ ቦስኬቲ ንድፍ ትልቅ ፓላዞ ማሠራት ጀምሮ ሥራው ምድር ቤቱ ላይ ቆመ። ጣልያኖቹ "ያላለቀው ፓላዞ" ይሉታል። ከሥሩ፣ ውኃው ከሚነካው ግድግዳ ላይ፣ የድንጋይ አንበሳ ራሶች ተደርድረዋል። ፊት ለፊቱ ካ ግራንዴ የሚባለው ግዙፍ ሕንፃ ቆሟል፤ የመንግሥት አስተዳደር ቢሮ ነው። ፔጊ ይህን ጎዶሎ ቤት የገዛችው በ1949 ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ፀሐይ ትሞቅበት ነበር።

ጀልባው ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የልጅነቷን ታሪክ ለማስታወስ ደህና ጊዜ ሰጠኝ። አያቷ ሜየር ጉገንሃይም ከስዊዘርላንድ ተሰዶ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነበር። ልጆቹን ይዞ በብር፣ በእርሳስና በመዳብ ማዕድን ከበረ። ከወንዶቹ ልጆች አንዱ ሰለሞን በስሙ የሚጠራውን የኒው ዮርክ ሙዚየም ያቋቋመው ነው። ሌላው ቤንጃሚን የፔጊ አባት ነው፤ ከወንድሞቹ ተነጥሎ በራሱ ንግድ ገብቶ ብዙ አጥቷል። ሚያዝያ 1912 ታይታኒክ ሲሰምጥ አብሮ ቀረ፣ አስከሬኑም አልተገኘም። ፔጊ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። ሃያ አንድ ሲሞላት ከአባቷ የደረሳት 450,000 ዶላር ገደማ ነው ይባላል፤ ለእኛ ጆሮ ብዙ ነው፣ በዘመዶቿ መካከል ግን ትንሿ ድርሻ የእሷ ነበረች።

ስለ እሷ ሲጻፍ ይህ ነጥብ እየተዘለለ ያናድደኛል። የአጎቷን ሀብትና የእሷን አንድ ላይ ደምረው "ቢሊየነሯ" እያሉ ይጽፋሉ። እሷ ግን በየገዛችው ሸራ ላይ ሂሳብ የምትሠራ ሴት ነበረች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። የብረቱ በር ራሱ የጥበብ ሥራ ነው፦ ክሌር ፋልከንስታይን ብረቱን እንደ ሸረሪት ድር አጠላልፋ በመካከሉ የሙራኖ ብርጭቆ ድፍኖች ሰካክታበታለች። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊና አረንጓዴ ጥላ መሬቱ ላይ ይጥላል።

ውስጡ አሁንም ቤት ቤት ይላል። መግቢያው አዳራሽ ላይ የካልደር ሥራ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ሰው ባለፈ ቁጥር ቀስ ብሎ ይዞራል። ፒካሶ አለ፣ ካንዲንስኪ አለ፣ ማግሪት አለ፤ ሰማዩ ቀን ሆኖ ጎዳናው ሌሊት የሆነበት ሥዕሉ ፊት ሰው ተሰልፏል። እኔ ብዙ የቆምኩት የቀራፂው የብራንኩሲ ወፍ ፊት ነው። ክንፍ የለው፣ እግር የለው፤ ከናስ የተሠራ፣ ወደ ላይ የሚመዘዝ አንድ ነበልባል ነው። ተጠግቼ ሳየው የክፍሉ መስኮት፣ የሰዎቹ ፊት፣ የእኔም ቀጭን ምስል በናሱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

ይህ ወፍ ከእጇ የገባበት ጊዜ የፔጊ ሕይወት የዞረበት ነው። እስከ 40 ዓመቷ ድረስ በፓሪስና በለንደን የጸሐፍትና የሠዓሊያን ወዳጅ ነበረች፤ ለጸሐፊዋ ጁና ባርንስ በየጊዜው ገንዘብ ትሰጣለች፣ ትዳሯ ግን ፈርሷል፣ የያዘችው ሥራም አልነበረም። በጥር 1938 ለንደን ውስጥ ጋለሪ ከፈተች። ጸሐፊው ሳሙኤል ቤኬት በሕይወት ያሉ ሰዎች የሚሠሩትን ጥበብ እንድትይዝ መከራት፤ አርቲስቱ ማርሴል ዱሻን ደግሞ አብስትራክቱን (የሚታወቅ ነገር የማይሳልበትን) ከሰሪያሊዝሙ (ከሕልም መሰሉ) ለይቶ አስተማራት። እሷም ራሷ የተማርኩት ከእሱ ነው ብላለች። ለጠየቀችው ነገር እንዲህ የምትታዘዝ ተማሪ መሆኗን እወድላታለሁ።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ሌሎች ገዢዎች ከፓሪስ ሲሸሹ እሷ በቀን አንድ ሥዕል እገዛለሁ ብላ ተነሳች። የሌዤን ሥዕል የገዛችው ሂትለር ኖርዌይን በወረረበት ቀን፣ ሚያዝያ 9፣ 1940 ነው። ብራንኩሲ ወፉን ሲያስረክባት የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ እየተጠጋ ነበር፤ እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ እንደነበር ጽፋለች። በእነዚያ ወራት ለዛሬው ስብስቧ አብዛኛው ክፍል ያወጣችው 40,000 ዶላር ገደማ ነው።

ሰው ሲጨንቀው በርካሽ ገዛች ብለው የሚወቅሷት አሉ። ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ፣ ዋጋ ትከራከር እንደነበር አልደበቀችም። ግን ሌላውንም ልቁጠር። ሥዕሎቹን እንዲያስቀምጥላት የሉቭር ሙዚየምን ብትጠይቅ "ለማዳን የሚበቁ አይደሉም" ተባለች፤ በጣም አዲስ ናቸው ተብለው። ካንዲንስኪን፣ ክሌን፣ ሚሮን ነው እንዲያ ያሉት! እሷ ግሬኖብል ድረስ ወስዳ አስጠለለቻቸው፤ ኋላም ከአንሶላና ከድስት ጋር "የቤት ዕቃ" ተብለው ታሽገው በመርከብ ኒው ዮርክ ገቡ። ማርሴይ ላይ ስደተኞችን ለሚያሸሸው ለቫሪያን ፍራይ ኮሚቴ ገንዘብ ሰጠች፤ የሰሪያሊስቱን ገጣሚ የአንድሬ ብሬቶንን፣ የሚስቱንና የትንሿን ልጃቸውን የጉዞ ወጪ ቻለች። ራሷ አይሁዳዊት ሆና እስከ ሐምሌ 1941 ከአውሮፓ አልወጣችም።

መኝታ ቤቷ ውስጥ የካልደር የብር የአልጋ ራስጌ ተሰቅሏል፤ ዓሣና ተክል በብር ሽቦ የተጠመዘዘበት። ኒው ዮርክ ላይ በጥቅምት 1942 የከፈተችው ጋለሪ ታሪክ ትዝ አለኝ። አርክቴክቱ ኪስለር ግድግዳዎቹን አጉብጦ፣ ሥዕሎቹን ከፍሬማቸው አውጥቶ ከግድግዳው በሚወጡ የእንጨት ክንዶች ላይ አስቀመጣቸው። በምረቃው ምሽት አንድ ጆሮዋ ላይ የካልደርን፣ ሌላው ላይ የታንጊን ጉትቻ አደረገች፤ ለአብስትራክቱም ለሰሪያሊስቱም እኩል ነኝ ለማለት። በሦስተኛው ወር የ31 ሴቶችን ሥራ ብቻ ያሳየ ኤግዚቢሽን አደረገች።

ከሌላኛው ክፍል ማሪና አፖሎኒዮ የምትባል ጣልያናዊት አርቲስት ኤግዚቢሽን በዚሁ ሰሞን ተከፍቷል። ፔጊ በ1968 ሥራዋን ያዘዘቻት ሴት ናት፤ ያኔ 28 ዓመቷ ገደማ የነበረች ልጅ፣ ዛሬም በሕይወት አለች። የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክ ክፍል በር ላይ ስደርስ ተመለስኩ። እሱን ከእታለም ጋር ነው የማየው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ጠዋት ብቻዬን ወደ ጃርዲኒ ሄድኩ፤ የቬኒስ ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጥበብ ትርኢት) ድንኳኖች ያሉበት የአትክልት ስፍራ ነው። ድንኳን ይባሉ እንጂ ሕንፃዎች ናቸው፣ ብዙ አገሮች የየራሳቸው አላቸው። የግሪክን ፈልጌ አገኘሁ፦ የቢዛንታይን ቅስት ያለው የጡብ ቤት። በ1948 ግሪክ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለነበረች ቤቱ ባዶ ነበርና ለፔጊ ተሰጣት። አርክቴክቱ ካርሎ ስካርፓ አዘጋጀላትና ሠዓሊያኑን ፖሎክን፣ ሮትኮን፣ ጎርኪን ለአውሮፓ ሕዝብ አሳየች፤ ብዙው ተመልካች ስማቸውን የሰማው ያን ቀን ነው። ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከሆላንድ ስም ጎን የእሷ ስም ተጽፎ ሲያይ ሰው አዲስ አገር የተመሠረተ ይመስለው ነበር፤ እሷም እንደዚያ ተሰምቷታል።

ከዚያ በእግሬ ወደ ፓላዞ ቦላኒ። ዘንድሮ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ድንኳን አላት። የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥራዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ የተወለደ፣ እዚያው ተምሮ ጀርመን ለዓመታት የቆየና ወደ አገሩ የተመለሰ ሠዓሊ ነው። ሰውነቶቹ ተደራርበው፣ ክንድ ከማን እንደሆነ እስከማይለይ ተጠላልፈው፣ ዓይናቸው ግን አንድ በአንድ ተመልካቹን ያያል። በሩ ላይ "ኢትዮጵያ" የሚለውን ሳነብ ጉሮሮዬ ተያዘ። ቢየናሌው በ1895 የተጀመረ ነገር ነው፤ እስከዛሬ ስንት ሠዓሊ አለፈን።

ቬኒስ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለችም። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የዚህች ከተማ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል፤ መርቆሬዎስ ብለን ጠርተነዋል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ ቢስል ሕዝቡ ተቆጣ፣ ግራ የክብር ቦታ አይደለምና ይጥፋ አለ። ንጉሡ ግን ከለከሉ፣ ሥዕሉ ተረፈ።

ከሰዓት እታለም ከጣቢያው መጣች። ሃያ ዓመት ፓዶቫ ኖራ ቬኒስን ያየችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስቱም የሥራ ወረቀት ጉዳይ ሆኖ። በቀጥታ ወደ ፖሎክ ክፍል ወሰድኳት፣ "አልኬሚ" ወደተባለው የ1947 ሥራው። ከሁለት ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሩቅ ግራጫ ጫካ ነው። ስትጠጉ ሌላ ነው፦ የብርማ ቀለም ጅረት፣ ከላዩ ከቱቦው በቀጥታ የተጨመቀ ነጭ፣ በመካከሉ ቢጫና ቀይ ጠብታ፤ ቀለሙ ውስጥ አሸዋ አለ፣ ጠጠር አለ፣ ክር አለ። አንዳንዱ ቦታ እንደ ጭቃ ምርጊት ተቆልሏል። ከ2013 ጀምሮ ፍሎረንስ ወስደው ከአንድ ዓመት በላይ የአሥርት ዓመታት አቧራ እያነሱለት ቆይተው መልሰውታል።

"እጁን አይቼዋለሁ" አለች እታለም በቀስታ። "እዚህ ጋ ቸኩሏል፣ እዚህ ጋ ቆሟል።"

ወንበር ላይ ተቀምጠን ታሪኩን ነገርኳት። በ1943 ፖሎክ 31 ዓመቱ ነው፣ በፔጊ አጎት ሙዚየም ውስጥ በጉልበትና በእንጨት ሥራ ተቀጥሯል። ፔጊ ባዘጋጀችው የወጣቶች ውድድር ሥዕል ያቀርባል፤ እሷ መጀመሪያ አልወደደችውም። ሽማግሌው ሠዓሊ ሞንድሪያን ግን ከሥዕሉ ፊት ቆሞ አልነቃነቅ አለ፤ አሜሪካ ከገባሁ ያየሁት ትልቁ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል አላት። ሰማችው። በዚያው ክረምት ከፖሎክ ጋር ተዋዋለች፦ በወር 150 ዶላር። ሙዚየሙን ለቆ ቀኑን ሙሉ መሳል ጀመረ። ለመኖሪያ ቤቷ ስድስት ሜትር የሚሆን ሸራ አዘዘችው፤ ግድግዳው ላይ እንዳይስለው፣ ቤት ስትቀይር ይዛው እንድትሄድ በሸራ ይሁን ያለው ዱሻን ነው። ያን ሸራ ኋላ ለአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ሰጠችው። በ1945 ሎንግ አይላንድ ላይ ቤት እንዲገዛ 2,000 ዶላር አበደረችው፤ እነዚህን የሚንጠባጠቡ ሥዕሎች የሠራው እዚያ ነው።

"ሥዕሎቹ ካልተሸጡስ?"

"በ150ው ምትክ ሥዕሎቹን እሷ ትወስዳለች።"

"እንግዲያማ ስጦታ አይደለም። ዱቤ ነው።"

ልክ ነበረች። በኋላ ክፍያው ወደ 300 ሲያድግ ከሞላ ጎደል የሚሠራው ሁሉ የእሷ ሆኗል፤ ፔጊም ኋላ የፖሎክን ሚስት ሊ ክራስነርን ፍርድ ቤት ከሳታለች። ይህን አልሸፈንኩላትም። ግን ያን ጊዜ ሌላ ማንም ለዚህ ሰው በየወሩ የሚሰጥ አልነበረም፤ ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ አንዴ ከሚሰጥ ጠቀም ያለ ገንዘብ ሌላ ነገር ነው። የሚያውቀው የኖረበት ነው። ሥዕል ትምህርት ቤት እያለሁ፣ አባቴ ታሞ ቤታችን ሲፈታ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ 50 ዩሮ ትልክልኝ የነበረች ሴት አጠገቤ ተቀምጣለች። ቀለም ገዛሁበት፣ ታክሲ ተሳፈርኩበት፣ በልቼበታለሁ። ከክፍሌ ልጆች በእጅ ችሎታ የሚበልጡኝ ነበሩ፤ ዛሬ ብሩሽ የሚይዙት ጥቂት ናቸው።

ይህን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ነገርኳት። መሬት መሬት እያየች ሰማችኝና "ያኔ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም፣ አይደል?" አለች። አልጠየቀችም።

ወደ አትክልቱ ወጣን። ፔጊ ታህሳስ 23፣ 1979 አረፈች፤ አመዷ እዚህ ጥግ ላይ ነው ያለው። ቤቱንና ስብስቡን አስቀድማ ለአጎቷ ፋውንዴሽን ሰጥታለች፣ ከቬኒስ እንዳይወጣና እንዳይበታተን ብላ። ከመቃብሯ ጎን ሌላ ድንጋይ አለ፦ "ውድ ልጆቼ" ይልና የ14 ውሾቿን ስም ይዘረዝራል፣ ካፑቺኖ፣ ሰር ኸርበርት፣ ሆንግ ኮንግ። ከስሞቹ መካከል ፔጊን የሚል አለ፤ የሴት ልጇ ስም ነው። ሠዓሊ የነበረችው ልጇ በ1967 ነው የሞተችው።

እታለም ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "የእኔም አሮጊት ድመታቸውን ልጄ ነው የሚሏት" አለች። "ልጆቻቸው ሚላኖ ናቸው።" ከዚያ ድንጋዩ ላይ የወደቁትን ቅጠሎች ጠረገቻቸው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ባቡሬ ከሰዓት ነው። ጠዋት እታለም ሥራ ከመሄዷ በፊት የካርቶኑን ቱቦ ከፈትኩ። ትናንት ማታ ከእቃ መደብር ገዝቼ የገጣጠምኩት የእንጨት ጣውላ ላይ ሸራውን ወጥሬ በምስማር መታሁት። አክስቴ ናት፤ የእታለም እናት፣ ከምድጃው አጠገብ ሰፌድ ይዛ። ከሦስት ዓመት በፊት ከማረፏ ቀደም ብሎ ተቀምጣልኝ የሳልኳት ናት።

እታለም ካፖርቷን እንደለበሰች ቆመች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ትናንት እንዳደረገችው ተጠጋች፣ ሰፌዱ ጋ ቀለሙ የተቆለለበትን ቦታ፣ የእናቷ እጅ ጋ የሳሳበትን።

"ይሄ የስንት ወሩ ነው?" አለችኝ።

"የሠላሳ ስድስቱም።"

አልጋዋ ፊት ለፊት ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከምስማሩ አወረደች። ሥዕሉን አንስቼ ሰቀልኩት፣ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበርና አቃናችው። አውቶቡሷ እንዳያመልጣት እየሮጠች ወጣች።